ጭሱ በየት ይውጣ?

በዋግ ኽምራ ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት የተካሄደውን ትልቁን የሕንፃ እድሳት የነደፈው መሐንዲስ የለም፤ ጨረታ አልወጣበትም፤ ሪባንም አልተቆረጠለትም። የሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ወጣ፤ ይኸው ነው። ከሰቆጣ አንሥቶ እስከ ተከዜ ሸለቆ ድረስ፣ እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ የገባ ገበሬ ከበሬ ቀጥሎ የሚያስበው ቆርቆሮ ነው። ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ሣሩ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ያፈሳል፤ ክብሪት ሲነካው ቤት ሙሉ ይዞ ይሄዳል፤ አይጥም ይራባበታል። ዛሬማ እንደ ልብ የሚታጨድ የክዳን ሣር ማግኘቱም ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ የሣሩ ክዳን ዝናብ ከመከልከል ሌላ ሥራ ነበረው። መሀል ቤት የሚነደው እሳት ጭሱን ወደ ላይ ይልካል፤ ጭሱም በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ተጣርቶ ይወጣል። ማለዳ ላይ ከኮረብታ ሆኖ መንደር የተመለከተ ሰው የጎጆው ጣሪያ ሁሉ እንደ ሞቀ እንጀራ ሲተን ያያል። ጭሱ በመንገዱ ላይ ማገሩንና ሣሩን ከምስጥ ይጠብቃል። ያው ወፍራም ክዳን ቀን ፀሐዩን፣ ሌሊት ቁሩን ይመልሳል። ስለዚህ ያ ንቀን የጣልነው ሣር በአንድ ጊዜ ጭስ ማውጫም፣ ሙቀት መከላከያም፣ የተባይ መድኃኒትም ነበር። ቆርቆሮው ከእነዚህ አንዱንም አይሠራም። ምድጃው ግን ከቦታው አልተነሣም። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በእናቶች ዓይንና በሕፃናት ሳንባ ውስጥ ቀረ።

ትውልዴ አበርገሌ፣ ሙያዬም የሕንፃ መሐንዲስነት ነው፤ ያውም ስለ ውኃው፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ቅዝቃዜው የሚጨነቀው ዓይነት። በእኛ አገር ይህን ሥራ ብዙ ሰው «የቧንቧና የኤሲ ሰውዬ» ብሎ ያልፈዋል። እኔም አልከፋም። የምከፋው አሮጌ ሕንፃ ሲታደስ ነው። አዲስ ሕንፃ ላይ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ይታሰባል። አሮጌው ግን ቆሞ ጠብቆናል፤ የራሱ የአየር መንገድም አለው። እኛ ደርሰን መጀመሪያ የምናደርገው ያንን መንገድ መድፈን ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሽን እንገዛለን። ስለዚህ ነገር ታሪካችን ምን ይላል ብዬ ሳገላብጥ የቆየሁትን ነው እዚህ የማቀርበው።

የጥንቶቹ አናጢዎችና ጠራቢዎች አየርን ያነብቡ ነበር ለማለት ከደፈርሁ፣ ምስክሬ ሩቅ አይደለም። ከሰቆጣ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። የዋግ ሹሞች አስከሬን እስከ ዛሬ የሚገኝበት ስፍራ ነው። ወደ ላስታ ሲሻገሩ ደግሞ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ በሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ይገኛል። የዛግዌው ንጉሥ ያሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ረድፍና ነጭ ልስን የተቀባ የድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቁ የተሠራ ነው። ዋሻው ራሱ ጣሪያ ስለ ሆነ ዝናብ አያገኘውም፤ መስኮቶቹ ደግሞ ብርሃንና አየር ቀንሰው የሚያስገቡ፣ በተቦረቦረ ድንጋይና እንጨት ያጌጡ ናቸው። ከጀርባው እጅግ ብዙ የደረቀ አስከሬን ተከምሮ ይታያል። ሬሳ ሳይበሰብስ ለዘመናት የሚቆየው፣ እንጨትም በዚያ ዕድሜው የሚጠነክረው የዋሻው አየር ቢስማማው ነው። ያ አናጢ ቦታ ሲመርጥ ግማሹን ሥራ ጨርሶ ነበር።

ላሊበላ ግን ሌላ ነው፤ ሰማይ ሥር ነው። እነዚያን አብያተ ክርስቲያናት እንደ ሕመምተኛ ብናያቸው የሕክምና ካርዳቸው ወፍራም ነው፤ እያንዳንዱ ገጽም የሚቀጥለውን በሽታ ስም ይዟል። ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገር፤ ምክንያቱም በእኔ ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

የላሊበላ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተወለደ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። በክረምት ውኃ ይጠጣል፤ በበጋ መልሶ ይተነፍሰዋል። ስምንት መቶ ዓመት ገደማ እንዲህ ሲጠጣና ሲተነፍስ ኖሮ፣ ጣሪያው ተሰነጠቀ፤ ውስጥ ያለው ሥዕል ረጠበ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የመጡ አዳሾች መፍትሔው ቀላል መሰላቸው፦ ሬንጅ። ጣሪያ ያፈሳል፤ ሬንጅ ውኃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሬንጅ ይቀባ። ሬንጁ ከላይ የሚወርደውን ውኃ ከለከለ። ከሥርና ከጎን ወደ ድንጋዩ የሚገባውን ግን ማን ይከልክለው? እርጥበቱ ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይተን መንገዱ ተዘጋ፤ ድንጋዩ ውስጥ ታፍኖ ቀረ።

ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ፣ የዛሬው የዓለም ቅርሶች ፈንድ በተቋቋመ ማግሥት በላከው ቡድን መሪነት ላሊበላ መጣ። ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አዲስ ነገር መጨመር አልነበረም፤ ከእርሱ በፊት የተቀባውን ሬንጅና ቀለም መፋቅ ነበር። አስቡት፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ባለሙያ በብዙ ወጪ የሚሠራው ሥራ፣ ሌላ ባለሙያ በብዙ ወጪ የሠራውን ማንሣት! እኔ ይህን ታሪክ ለወጣት መሐንዲሶች ስነግራቸው ይስቃሉ። አብዛኛው የእድሳት ሥራ ግን እንዲህ ያለ ነው።

ሥፍራው በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ስንጥቁና ፍሳሹ ግን አልቆመም። በእንጨትና በቆርቆሮ የተሠራ ጊዜያዊ ከለላ ለዓመታት ቆየ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እነዚያ ትልልቅ የብረት ምሰሶ ያላቸው መጠለያዎች ተተከሉ። ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ በጥላ ሥር ገቡ። ዝናቡ ቆመ። አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ስምንት መቶ ዓመት ውኃ ሲጠጣ የኖረ ድንጋይ ጨርሶ ውኃ ሲነፈገው ምን ይሆናል? ከለላው ሥር ድንጋዩ ከመጠን በላይ እየደረቀ ሊሰነጠቅ ይችላል የሚል ሥጋት ከባለሙያዎች ተሰማ፤ የምሰሶዎቹ ክብደትና የነፋሱ ግፊትም ሕዝቡን አስፈራው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የላሊበላ ነዋሪ መጠለያው ይነሣልን ብሎ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው እርዳታ ቃል ገቡ፤ የሁለቱ አገሮች ባለሙያዎችም ጥናት ጀመሩ። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ላይ ከዚያ ቀደም ብሎ የተሠራው ሥራ ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይቶ ነበር፤ ስንጥቁን እየተከታተሉ ከድንጋዩ ጋር በሚስማማ ቅልቅል መድፈን፣ ውኃውን ጠርጎ የሚያወጣውን ቦይ ማስተካከል። ጥላ የለም፤ ሬንጅ የለም። ሥራው አድካሚ ነው፤ ፎቶግራፍ ላይም ብዙ አይታይም።

ወደ ከተማችን ልመለስ። በአዲስ አበባ በነባር ሕንፃ ውስጥ አዲስ መሣሪያ የማስገባቱ ታሪክ የጀመረው በውኃ ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውኃ በቧንቧ ሲያወርድ አገሩ ጉድ አለ፤ ለዚህም ብዙ ተገጥሟል። ውኃ ስለሚታይ ያስደንቃል። አየር ግን አይታይም፤ ስለዚህ ግጥምም አልወጣለት፤ ያሰበለትም ጥቂት ነው።

ሆኖም የምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ቤቶች አየር ያውቁ ነበር። አንባቢ ከፒያሳ እስከ ሠራተኛ ሰፈር በእግሩ ቢሄድ ጥቂት የቀሩትን ያገኛል፦ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ በዙሪያው ሰፊ በረንዳ፣ ትይዩ የሆኑ ረጃጅም መስኮቶች፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ። ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር። በአቡጀዲውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ቦታ የቆርቆሮውን ሙቀት ይቀበልና በጣሪያው ጠርዝ ያወጣዋል።

ከእንዲህ ያሉ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ከዓመታት በፊት «ሙቀቱ ስላስቸገረን ኤሲ ንደፍልን» ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ሄጄ አየሁ። በረንዳው በአሉሚኒየምና በመስታወት ተዘግቶ ቢሮ ሆኗል። የጥንቱ ኮርኒስ በጂፕሰም ቦርድ ተተክቶ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል። የጣሪያው ጠርዝ «አቧራ እንዳይገባ» ተደፍኗል። መስኮቶቹ በመደርደሪያ ተሸፍነዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሠራተኞቹ ቢያልባቸው ይገርማል? እኔም መስታወቱን አንሡት፣ የጣሪያውን ጠርዝ ክፈቱት፤ ከዚያ እንነጋገር አልኳቸው። ሰዎቹ የቀለድኩ መሰላቸው። ኤሲውን ከሌላ ገዝተው አስገጠሙ። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ከአየሩ ውኃ ይለያል፤ ያ ውኃ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ መሄድ አለበት። ገጣሚው ቱቦውን በጭቃው ግድግዳ ላይ ለቆት ሄደ። ጭቃ ደግሞ ጠብታ አይወድም። መቶ ዓመት የቆመ ግድግዳ ከመስኮቱ በታች እየተበላ ሲሄድ በሁለተኛው ዓመት አየሁት።

ማሽን ጠላት ነው ማለቴ እንዳይመስል ስለ አፍሪካ አዳራሽ ልናገር። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተወለደበት ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል መግቢያው ላይ ይታያል። በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የተካሄደውና ወደ 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የተመደበለት እድሳት አልቆ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተመረቀ። እንዲህ ያለ ስብሰባ አዳራሽ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ለሰዓታት የሚቀመጥበት፣ መስኮት ከፍቶ የሚያዘልቅ አይደለም፤ ማሽን ያስፈልገዋል። የእድሳቱ ፈተና ግን ሌላ ነው። ሰው ከ1955ቱ ፎቶግራፍ ጋር ሲያስተያየው አንድም ለውጥ እንዳያይ ይፈለጋል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ንጹሕ አየር እንዲደርሰው ይፈለጋል። ቱቦው ከኮርኒስ ላይ፣ ከወለል ሥር፣ ከእንጨት ልባሱ ጀርባ ይፈለግለታል። አየሩ በቀስታ ካልተለቀቀ ያፏጫል፤ ካፏጨ ተናጋሪው አይሰማም። በዚህ ሥራ ጥሩ መሐንዲስ የሚባለው እዚያ እንደነበረ የማይታወቀው ነው። ክፍያውም ቢሆን እንዲሁ እንዳይታወቅ የሚፈልጉ አሠሪዎች አይጠፉም፤ እርሱን ሌላ ጊዜ።

እዚህ ላይ የፋብሪካ ካታሎግ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። ማራገቢያውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ጄኔሬተሩም አቅማቸው የሚለካው ባሕር ጠረፍ ላይ እንዳለ አየር ተቆጥሮ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ሰቆጣም ከ2,000 ሜትር በላይ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ጊዜ ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል፤ ጄኔሬተሩም ይደክማል። ካታሎግ አምኖ የገዛ አሠሪ «የቻይና ዕቃ» እያለ ሲያማርር ይኖራል። ዕቃው ሳይሆን ተራራው ነው።

አሁን ወደ አበርገሌ እንውረድ፤ መውረድ ነው በእርግጥም። ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ተከዜ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት አገር ያያል። ላይ ገብስና ጋቢ ነው፤ ታች ማሽላ፣ ፍየልና የዕጣን ዛፍ። የተከዜ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ እንኳ ከባሕር ወለል 1,140 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰቆጣ ላይ የሌሊቱ ቁር የሚያስጨንቀው ሕንፃ፣ እዚህ የቀኑ ሐሩር ያስጨንቀዋል። የመንግሥት ሕንፃ ንድፍ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፦ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ፣ በአንድ በኩል ብቻ መስኮት። ቆርቆሮ በቆላ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ወፍራሙ የድንጋይ ግንብ ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ወደ ውስጥ እስኪያሳልፈው ከዐሥር ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ድረስ መሽቷል።

በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት አበርገሌን ክፉኛ ጎድቶታል። ሕዝቡ ተፈናቅሎ በሰቆጣ መጠለያ ውስጥ ከረመ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተዘረፈ፣ ፈረሰ። ዋግ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆየች። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ መልሶ የመገንባት ወሬ አለ። የተሰባበረው ሲታደስ እንደነበረው ይታደስ ወይስ መሆን እንደሚገባው? ይህ ጥያቄ ለእኔ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ ሰው ይሞትበታልና።

ነገሩን በቁጥር ላሳይ። በ2007 እ.ኤ.አ. በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ በስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ የተደረገ ጥናት ታተመ። ከ1950 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆኑ አሮጌ ክፍሎች መስኮታቸው ሲከፈት አየራቸው በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ይለወጣል። ከ1970 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የተሠሩት 17 ጊዜ። ማሽን የተገጠመላቸው 12 ጊዜ። ሕክምና ካልጀመረ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ጋር 24 ሰዓት ቢቆይ፣ በማሽኑ ክፍል ካለው ሰው በመቶ 39ኙ፣ በአዲሱ 33ቱ፣ በአሮጌው ግን 11ዱ ብቻ ሊያዝ እንደሚችል አጥኚዎቹ አሰሉ። አያቶቻችን የቀደሙን በዕውቀት ነው አልልም፤ መድኃኒት ስላልነበራቸው በአየር ያምኑ ነበር። በአዲስ አበባም የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል የሆነው ቅዱስ ጴጥሮስ እንጦጦ ሥር፣ ባሕር ዛፍ መካከል ነው የተቀመጠው።

ባለፈው ጊዜ በአገሬ የአንድ ጤና ጣቢያ እድሳት ንድፍ ተመልከትልን ተብዬ ነበር። የማስተኛ ክፍሉ 12 ሜትር በ6 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው፤ 216 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ዐሥር አልጋ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ሕመምተኛ በሴኮንድ 60 ሊትር ንጹሕ አየር ይጠይቃል። ለዐሥሩ ሲባዛ፣ የክፍሉ አየር በሰዓት 10 ጊዜ መለወጥ አለበት። በማራገቢያ ይሠራ ቢባል፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው አብሮ ይጠፋል። በመስኮት ቢሆንስ? በያዙት ንድፍ መስኮቱ በአንድ ጎን ብቻ ነበር፤ በአንድ በር የሚገባ አየር ደግሞ መውጫ ስለሌለው ደጃፍ ላይ ተንጠባሮ ይመለሳል። በትይዩ ሁለት ግድግዳዎች ላይ በየበኩላቸው 2 ካሬ ሜትር ክፍት ብናደርግና ቅጠል እንኳ በቅጡ የማያንቀሳቅስ ነፋስ፣ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር፣ ቢነፍስ፣ በመመሪያው ቀመር ወደ 11 ጊዜ ይመጣል። ወጪው አንድ ግድግዳ መብሳትና አራት መስኮት መግጠም ነው። ነዳጅ አይጠይቅም፤ መለዋወጫም ከውጭ አይመጣለትም።

የጤና ጣቢያው ነርስ ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ሌሊት አስታማሚዎቹ መስኮቱን ይዘጉታል። ነፋስ ይመታዋል፣ ምች ይሆንበታል ብለው ይፈራሉ። እኔ ቀን እከፍታለሁ፤ እነሱ ማታ ይዘጋሉ።» እውነቷን ነው። እናቴም ትዘጋው ነበር። መመሪያው ስለ ነፋሱ ፍጥነት እንጂ ስለ ምች የጻፈው የለም።

ስለዚህ ከቆርቆሮው በታች ሁለተኛ ኮርኒስ እንዲገባ፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ እንዲተው፣ ኮርኒሱም በመሀሉ እንዲከፈት አደረግሁ። በጣሪያው ጫፍ፣ ቆርቆሮው ከቆርቆሮ በሚጋጠምበት ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ስንዝር ክፍት ተውሁ፤ ዝናብ እንዳይገባም ከላዩ ሌላ ቆርቆሮ እንደ ቆብ ከፍ ብሎ ተደፋበት። መስኮቱ ቢዘጋም፣ ከበሩ ሥር በተተወው ክፍተት የሚገባው አየር በሰው ትንፋሽ ሲሞቅ ወደ ላይ ወጥቶ በዚያ ይሄዳል። እንደ መስኮቱ አይሆንም፤ ከምንም ግን ይሻላል። ለዚያ ክፍት መዝጊያ አልሣልኩለትም።

ግንበኞቹ ንድፉን እያገላበጡ አዩት። አንዱ በጣቱ ጫፉን እየነካ «ይኼ ጭስ ማውጫ ነው?» አለኝ።

«ነው» አልኩት።